የሰገራ ንቅለ ተከላ፦ ለተመላላሽ የአንጀት ኢንፌክሽን የሚሠራው ሕክምና ለማን እየደረሰ ነው?

ለጥርስ፣ ለሳንባ ምች ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ወስደው ከዳኑ በኋላ ከባድ ተቅማጥ የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ። ለተቅማጡ ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ይሻላቸዋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። የዚህ ተመላላሽ ሕመም ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት አንዱ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሐኪሞች በአጭሩ «ሲ ዲፍ» ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍም እንዲሁ እንጠራዋለን።

ለዚህ ሕመም ብዙ ሰው ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድበት ሕክምና አለ፤ ከጤናማ ሰው የተወሰደ ሰገራ ተመርምሮና ተጣርቶ ወደ ሕመምተኛው አንጀት ይገባል። የሰገራ ንቅለ ተከላ ይባላል። ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ዛሬ ዋናው ጥያቄ አይደለም፤ ለተመላላሽ ሲ ዲፍ እንደሚጠቅም ከአሥር ዓመት በላይ ማስረጃ ተከማችቷል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የተለወጠው ሕክምናውን ማን እንደሚያዘጋጀው፣ በምን ዋጋ እንደሚገኝና ለማን እንደማይደርስ ነው። እናትዎ ወይም አባትዎ በዚህ ሕመም በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆስፒታል የሚመላለሱ ከሆነ ለውጡ በቀጥታ ይነካዎታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ለምን ይመላለሳል?

በጤናማ ትልቅ አንጀት ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ። ቦታውንና ምግቡን ስለያዙት ለጎጂ ተህዋስያን የሚተርፍ ጥቂት ነው። ሌላም ሥራ አላቸው። ጉበት የሚያመነጨውን የሐሞት አሲድ መልኩን ይለውጡታል፤ የተለወጠው አሲድ ደግሞ ሲ ዲፍ እንዳያድግ ያግደዋል።

አንቲባዮቲክ የታዘዘበትን ጀርም ብቻ መርጦ አይገድልም፤ እነዚህንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሳል። ማሳው ባዶ ሲሆን ቀድሞ የሚበቅለው አረም እንደሆነ ሁሉ፣ ባዶ የቀረውን አንጀት ሲ ዲፍ ይወርሰዋል። ባክቴሪያው መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላል። ከዚያ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ይከተላሉ።

ሲ ዲፍን አስቸጋሪ የሚያደርገው ስፖር መሥራቱ ነው። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይበት ሁኔታ ነው። ለሕመሙ የሚታዘዙት ቫንኮማይሲንና ፊዳክሶማይሲን በማደግ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ያጠቃሉ እንጂ የተኛውን ስፖር አያጠፉም። ቫንኮማይሲን ራሱ አንቲባዮቲክ በመሆኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ተጨማሪ ይጎዳል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ስፖሩ ይነቃል፤ አንጀቱ ግን ገና እንደ ባዶ ማሳ ነው። ሕመሙ የሚመላለሰው ሕመምተኛው መድኃኒቱን በትክክል ስላልወሰደ አይደለም፤ ቤተሰብም እንዲህ ብሎ ሕመምተኛውን ባይወቅስ ጥሩ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በዚያች አገር በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሲ ዲፍ ኢንፌክሽን ይከሰታል። ከ6 ሕመምተኞች አንዱ በ2 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ዳግም ይታመማል። አንዴ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ እንደገና የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑና በሕክምና ተቋም ሳሉ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከ11ዱ አንዱ በአንድ ወር ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ነገሩ «ተቅማጥ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ የሚተው አይደለም።

ይበልጥ የሚጋለጡት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ፣ የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የደከመ እና ከዚህ ቀደም በዚሁ ሕመም የተያዙ ሰዎች ናቸው። ከአንቲባዮቲኮች ክሊንዳማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ፣ እንዲሁም ሴፍትሪያክሶንና መሰሎቹ ከሕመሙ ጋር በብዛት ስማቸው ይነሳል።

ንቅለ ተከላው ምንድን ነው?

አሳቡ ቀላል ነው። ባዶ ማሳ ላይ አረም ከመንቀል ይልቅ ማሳውን በደህና ዘር መሸፈን ነው። ከጤናማ ለጋሽ የተገኘው ሰገራ በፈሳሽ ተበጥብጦ ይጣራል፤ ከዚያ በኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቱቦ ወይም በሚዋጥ ካፕሱል ይሰጣል። ካፕሱሉ ሽታም ጣዕምም እንዳይኖረው ተደርጎ የታሸገ ነው። ሕመምተኛው የሚያየው እንደማንኛውም ካፕሱል ያለ ነገር ነው።

ሕክምናው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከሰገራ የተሰናዳ መድኃኒት በ4ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሷል። በዘመናዊው ሕክምና በ1958 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ቤን አይስማን የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አንጀታቸው በጽኑ የታመመ 4 ሰዎችን በዚህ መንገድ አክመው መዳናቸውን ጽፈዋል። በወቅቱ የሕመሙ መንስኤ አይታወቅም ነበር፤ ሲ ዲፍ መንስኤው መሆኑ የተለየው በ1978 ነው።

ምን ያህል ይሠራል?

ሕክምናውን ከጥርጣሬ ያወጣው በ2013 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። ሲ ዲፍ ከተመለሰባቸው ሰዎች መካከል ሰገራው ከተሰጣቸው 16 ሰዎች 13ቱ በመጀመሪያው ጊዜ ዳኑ፤ ከቀሩት ሁለቱ በሁለተኛ ለጋሽ ሰገራ ዳኑና ጠቅላላው 15 ሆነ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

በ2017 የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ ካፕሱልና ኮሎኖስኮፒን አነጻጽሮ ውጤታቸው እኩል መሆኑን አሳየ፤ በሁለቱም ወገን 96 በመቶ ያህሉ ሕመሙ አልተመለሰባቸውም። ይህ ለአዛውንቶች ትልቅ ዜና ነበር፤ ለኮሎኖስኮፒ የሚሰጠውን ማደንዘዣ መቋቋም የማይችል ሰው አማራጭ አገኘ ማለት ነው።

በ2022 የዴንማርክ ሐኪሞች ሕመሙ ደጋግሞ እስኪመላለስ ሳይጠብቁ፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጊዜ ከቫንኮማይሲን ቀጥለው ንቅለ ተከላውን ሰጡ። ከ21 ሰዎች 19ኙ ከሕመሙ ነፃ ሆኑ፤ የማስመሰያ ካፕሱል ከተሰጣቸው 21 ሰዎች ደግሞ 7ቱ። በ2025 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ከዚህም አልፎ፣ በመጀመሪያው ሕመም ላይ ንቅለ ተከላውን ያለ አንቲባዮቲክ ሰጠ። ከ51 ሰዎች 34ቱ ሳይመለስባቸው ዳኑ፤ ቫንኮማይሲን ከወሰዱት 49 ሰዎች 30ዎቹ። ንቅለ ተከላው ከመድኃኒቱ አላነሰም ማለት ነው።

ሁሉም ጥናት ግን እንዲህ አልሰመረም። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ150 ያህል ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሰገራ ካፕሱልና በማስመሰያ ካፕሱል መካከል ልዩነት ባለማግኘቱ በመካከል ተቋርጧል። ስለዚህ «መቶ በመቶ ያድናል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይቀበሉት። ማስረጃዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሚዛኑ ወደ ጥቅሙ ያደላል። በ2024 የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ሕመሙ ለሚመላለስባቸው አዋቂዎች ሕክምናውን እንደ ተገቢ አማራጭ አስቀምጦታል።

ከ2022 ወዲህ ምን ተለወጠ?

በአሜሪካ ለዓመታት የነበረው አሠራር ይህ ነበር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ሰገራን እንደ መድኃኒት ቢቆጥረውም፣ ከ2013 ጀምሮ ለተመላላሽ ሲ ዲፍ ሲሰጥ ጥብቅ የሆነውን የፈቃድ ሕግ አላስገድድም ብሎ ነበር። በዚህ ክፍተት «የሰገራ ባንኮች» ተቋቋሙ። የደም ባንክ ደም እንደሚሰበስብ ሁሉ እነሱም ከለጋሾች ሰገራ ሰብስበው፣ መርምረውና አቀዝቅዘው ለሆስፒታሎች ይልኩ ነበር። ትልቁ በ2012 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ኦፕን ባዮም የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ለጋሽ ለመሆን ከሚያመለክቱ 100 ሰዎች ምርመራውን የሚያልፉት ከ3 ያነሱ ነበሩ።

በኅዳር 2022 አስተዳደሩ ይህን በር አጠበበው፤ ከሰገራ ባንክ የሚመጣውን ከዚያ በኋላ በቸልታ እንደማያልፍ አስታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ሪባዮታ የተባለውን የመጀመሪያውን ምርት አጸደቀ። ሪባዮታ በፊንጢጣ በኩል አንድ ጊዜ የሚሰጥ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። በሚያዝያ 2023 ቫውስት የተባለው ካፕሱል ተከተለ፤ በቀን 4 ፍሬ ለ3 ተከታታይ ቀናት ይዋጣል። ቫውስትን ባስጸደቀው ጥናት በ8 ሳምንት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ካፕሱሉን ከወሰዱት 12 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ደግሞ 40 በመቶ ነበሩ። በሪባዮታ ጥናት ሕክምናው የተሳካላቸው 71 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በማስመሰያው ወገን 58 በመቶ ያህል ናቸው።

ኦፕን ባዮም በ2024 መጨረሻ ለሆስፒታሎች የሚያደርገውን መደበኛ ስርጭት አቆመ። በጥር 2025 ደግሞ ሕመሙ እንዳይመለስ በደም ሥር ይሰጥ የነበረውን ቤዝሎቶክሱማብ የተባለ መድኃኒት አምራቹ ከገበያ አወጣው። በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት አማራጮች ጠፉ።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ይዘዋል። የእንግሊዝ የጤና ምክር ተቋም ናይስ በነሐሴ 2022 ሕመሙ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለተመላለሰባቸው አዋቂዎች ንቅለ ተከላው እንዲሰጥ መክሯል፤ ከተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ይልቅ ወጪ እንደሚቆጥብም ገልጿል። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ፈቃድ ኖሮት ለሆስፒታሎች ያቀርባል። አውስትራሊያ በኅዳር 2022 ከለጋሽ ሰገራ የተሠራ ምርት በማጽደቅ ቀዳሚ ሆናለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ የአንጀት ባክቴሪያን ከደምና ከጡት ወተት ጋር «ከሰው የሚገኙ ነገሮች» በሚለው ምድብ አስገብቶታል፤ ሕጉ ከነሐሴ 2027 ጀምሮ ይሠራበታል። ሰገራ በአሜሪካ የፋብሪካ መድኃኒት፣ በአውሮፓ ደግሞ እንደ ደም ያለ ልገሳ እየሆነ ነው።

ይህ ለሕመምተኛው ምን ማለት ነው?

የተፈቀደ መድኃኒት መኖሩ በራሱ መልካም ነው። የእያንዳንዱ ምርት አሠራር ቁጥጥር አለበት፣ ሐኪሙም እንደ ማንኛውም መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ነገር ግን ለውጡ ሦስት ክፍተቶች ትቷል።

የመጀመሪያው ዋጋው ነው። ቫውስት ለገበያ ሲቀርብ የተቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ዙር 17,500 ዶላር ነበር። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ከኪሱ አይከፍልም፤ ነገር ግን ኢንሹራንሱ ቅድሚያ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለቱም ምርቶች የሚሰጡት አንቲባዮቲኩ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ሪባዮታ ከ24 እስከ 72 ሰዓት፣ ቫውስት ከ2 እስከ 4 ቀን። ወረቀቱ ከዘገየ ሕመሙ ሊቀድም ይችላል።

ሁለተኛው ልጆች ናቸው። ሁለቱም ምርቶች የተፈቀዱት ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። ሕመሙ የሚመላለስበት ልጅ ያላቸው ወላጆች የራሱን ዝግጅት የሚሠራ የልጆች ሆስፒታል መፈለግ አለባቸው።

ሦስተኛው በጽኑ የታመሙት ናቸው። ምርቶቹ የተፈቀዱት ሕመሙ ከታከመ በኋላ እንዳይመለስ ለመከላከል ነው። አንጀቱ ተነፍቶ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ፣ አንቲባዮቲክ ያልመለሰለት ሰው በፈቃዱ ውስጥ አይካተትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የአሜሪካው የሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የሚጠቅሰው የቀድሞውን ዓይነት ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱን በብዛት ያቀርብ የነበረው ባንክ ደግሞ ስርጭቱን አቁሟል። በራሳቸው ቤተ ሙከራ የሚያዘጋጁ አንዳንድ ሆስፒታሎች አሉ፤ ሌላው ሕመምተኛውን ወደዚያ መላክ አለበት።

በእኔ እይታ ቁጥጥሩ አስፈላጊ ነበር፤ የቀድሞው መንገድ የተዘጋው ግን ምትኩ ለሁሉም ሳይዘጋጅ ነው። ሰገራን እንደ ደም የሚያዩት አገሮች አሠራር ለድሃውም፣ ለልጁም፣ በሞት አፋፍ ላሉትም ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ድረስ ሕመምተኛውን የሚያድነው ቤተሰቡ በጊዜ መጠየቁ ነው።

አደጋው ምንድን ነው?

ብዙዎች ከሕክምናው በኋላ የሚሰማቸው የሆድ መነፋት፣ ቀላል ቁርጠት፣ ጋዝ ወይም ድካም ነው፤ በጥቂት ቀናት ይተዋል። ከባዱ አደጋ የለጋሹ ጀርም ወደ ታማሚው መተላለፉ ነው። በ2019 የአሜሪካ አስተዳደር ባወጣው ማስጠንቀቂያ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሁለት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ በተወሰደ ሰገራ አማካይነት መድኃኒት በተለማመደ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ተይዘዋል፤ አንዱ ሞተዋል። ሰገራው ለዚያ ጀርም አልተመረመረም ነበር። በ2020 ከአንድ የሰገራ ባንክ በመጣ ዝግጅት ሌሎች ጎጂ የኢ ኮላይ ዝርያዎች መተላለፋቸው ተገለጸ። የለጋሾች ምርመራ ዛሬ የጠበቀው በእነዚህ ምክንያት ነው።

በኢንተርኔት የሚታየው «በቤትዎ ይሥሩት» የሚል ምክር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። «ልጄ ጤነኛ ናት፣ ከእሷ ብንወስድስ?» የሚል ጥያቄ ከቤተሰብ ይመጣል። ጤነኛ የሚመስል ሰው ምንም ሳይሰማው ጃርዲያ፣ ሳልሞኔላ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። በቤት ውስጥ በፍጹም አይሞክሩት።

ለየትኛው ሕመም አይሆንም?

በዚህ ሕክምና ስም ክብደት መቀነስ፣ ኦቲዝም፣ ድብርት፣ የስኳር ሕመም ይድናል የሚሉ የውጭ አገር ክሊኒኮች ያስተዋውቃሉ። ለእነዚህ የተረጋገጠ ጥቅም የለም። ለቁስለታማ የአንጀት ሕመምና ለሆድ መረበሽ ሕመም ምርምር እየተደረገ ነው፤ ከጥናት ውጭ ግን ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ አይመክረውም። ዛሬ የሚሰጥበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሲ ዲፍ።

አገር ቤት ላሉ አንባቢያንም ይህ ግልጽ ይሁን። በኢትዮጵያ ተቅማጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይረስ፣ ከሺጌላ፣ ከጃርዲያ፣ ከአሜባና በወረርሽኝ ጊዜ ከኮሌራ ነው። ለእነዚህ ንቅለ ተከላው አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ፈሳሽ መተካት፣ ኦ አር ኤስ እና እንደ መንስኤው የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለአገር ቤት የሚሆነው ትምህርት ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ሆድ ቁርጠት ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት፣ ከጎረቤት የተረፈ ፍሬ መዋጥ፣ ሲሻል ማቋረጥ፣ ይህ ልማድ ነው አንጀትን ባዶ ማሳ የሚያደርገው። አንቲባዮቲክ በወሰዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከባድ ተቅማጥ ከጀመረዎት መድኃኒቱን መውሰድዎን ለሐኪምዎ አይደብቁ፤ ምርመራውን የሚመራው እሱ ነው።

ቤትዎ ውስጥ ሕመምተኛ ካለ ምን ያድርጉ?

1. ሕመሙ በእርግጥ መመለሱን ያረጋግጡ። በ24 ሰዓት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የላላ ሰገራ ከሌለ ምርመራው ብቻውን ሕመም መኖሩን አያሳይም። አንዳንዱ ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለሳምንታት «አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ተቅማጡ የቆመ ሰው ዳግም ይመርመርልን» ማለት አያስፈልግም። ከሲ ዲፍ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ የሆድ መረበሽም አለ፤ እሱ ንቅለ ተከላ አይፈልግም።

2. ሁለተኛው ሕመም ሲመጣ ጥያቄውን ያንሱ። «ሕመሙ ተመልሷል፤ የሰገራ ንቅለ ተከላ ወይም ከሰገራ የተሠራው መድኃኒት ለእናቴ ይሆናል? ቅድሚያ ፈቃዱስ ዛሬ ይጠየቃል?» ብለው ይጠይቁ። አንቲባዮቲኩ ከማለቁ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ አይጠይቁ።

3. የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ሌሎች አንቲባዮቲኮችን ማቆም ይቻል እንደሆነ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒትም አሁን ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። የምግብ አለርጂ ካለ ይናገሩ፤ የለጋሹ ሰገራ የምግብ ቅሪት ሊኖረው ይችላል።

4. ስለ ወጪው አስቀድመው ይወቁ። በአሜሪካ የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን ያላቸው አዛውንቶች ዕቅዳቸው ለሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ከኪሳቸው በዓመት የሚያወጡት በ2025 በ2,000 ዶላር ተገድቦ ነበር። ኢንሹራንሱ «አይሆንም» ቢል ሐኪሙ ይግባኝ መጠየቅ ይችላል።

5. አስተርጓሚ ይጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አባት ስለ ሰገራው በልጁ አፍ መናገር ያሳፍረዋል፤ ስለሚያፍርም ደም ማየቱን ወይም ስንት ጊዜ መውጣቱን ይቀንሳል። በማያውቁት ሰው በኩል ሲሆን እውነቱን ይናገራሉ።

6. በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ስፖሩን አይገድልም። ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሁሉም በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። አብሮ ከአንድ ትሪ በሚበላና ጉርሻ በሚሰጥ ቤት ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። ተቅማጡ እስኪቆም ሕመምተኛው በራሱ ሳህን ቢመገብ ክፉ አይደለም፤ ለጊዜው መሆኑን በፍቅር ያስረዷቸው። የመጸዳጃ ቤቱን መቀመጫ፣ እጀታውንና ቧንቧውን በበረኪና ያጽዱ። ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድም ሲገባና ሲወጣ ይታጠብ።

7. የተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ። ፌጦ፣ እርጎ ወይም የፕሮባዮቲክ ክኒንም ሲ ዲፍን አያድኑም። እርጎ ለሚስማማው ሰው እንደ ምግብ ይሁን፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይያዝ።

8. ከንቅለ ተከላው በኋላ ሌላ አንቲባዮቲክ የታዘዘ እንደሆነ ወዲያው ለታከሙበት ሐኪም ያሳውቁ። አዲስ የተዘራውን ዘር መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። ግን የታዘዘውን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ የሳንባ ምች ያለ መድኃኒት አይተውም።

ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ከከባድ ሕመም ጋር፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ የሽንት መቀነስ፣ ግራ መጋባት ካዩ ወይም ተቅማጡ በድንገት ቆሞ ሆዱ ከተነፋ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

«እንዴት ይህን እቀበላለሁ?» ለሚሉ

መጸየፉ የሚጠበቅ ነው። ለብዙ ወላጆቻችን ስለ ሰገራ ማውራት ራሱ ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ሰገራ ወደ ሰውነታቸው መግባቱን ሲሰሙ «ብሞት ይሻለኛል» የሚሉም አሉ። አይቆጧቸው፤ አያጣድፏቸውም። መጀመሪያ የሚሰጠው ነገር ተመርምሮ፣ ተጣርቶና ታሽጎ የቀረበ መሆኑን፣ በቫውስት ካፕሱል ውስጥ ደግሞ ከሰገራው ተለይተው የወጡ የጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስፖሮች ብቻ መኖራቸውን ይንገሯቸው። በጾም ወቅት ከሆነ ወይም በእምነታቸው ጥያቄ ካለባቸው ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር እንዲነጋገሩ ጊዜ ይስጧቸው። ከዚያም ምርጫው የእነሱ ነው። እሺ ካላሉ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ፊዳክሶማይሲን ወይም ቀስ በቀስ መጠኑ እየተቀነሰ ለሳምንታት የሚወሰድ የቫንኮማይሲን ፈሳሽ ወይም ካፕሱል። ቫንኮማይሲን ለዚህ ሕመም በአፍ መወሰድ እንዳለበት ግን ያስታውሱ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ወደ ትልቁ አንጀት በበቂ አይደርስም።

ማጠቃለያ

የሰገራ ንቅለ ተከላ ለተመላላሽ ሲ ዲፍ የሚጠቅም ሕክምና ነው፤ ለሌላ ሕመም ገና አልተረጋገጠም። ከ2022 ወዲህ በአሜሪካ ከሰገራ ባንክ ወደ ፋብሪካ ተዛውሯል፤ ዋጋው ጨምሯል፤ ልጆችና በጽኑ የታመሙ ሰዎች ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ ቀርተዋል። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ሕመሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳይዘገዩ ይጠይቁ፤ አንቲባዮቲኩ ሳያልቅ ፈቃዱን ያስጨርሱ፤ በቤት ውስጥ አይሞክሩ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪምዎን ምክር የሚተካ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚጠይቁትን እንዲያውቁ ከረዳዎት ዓላማው ተሳክቷል። ለሕመምተኞቻችን ምሕረቱን ያውርድላቸው።